ልክን የተማረው ሽፍታ፦ አባ ሙሴ ጸሊም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዓለ ሃምሳው አልፎ፣ ጾምና ስግደት የሌለባቸው ቀናት አብቅተው፣ እነሆ የሰኔ ጾም ገባ። ጾሙ ሊገባ ሲል፣ እሑድ ማታ፣ ብዙዎቻችን በልባችን ትልልቅ ነገር እናቅዳለን። ዳዊት ሙሉውን ልንደግም፣ በቀን መቶ ልንሰግድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላንቀምስ፣ ኪዳን አንድም ቀን ላናስታጉል ለራሳችን ቃል እንገባለን። ሰኞ ይሳካል። ማክሰኞም እንደምንም ይሳካል። ረቡዕ ሥራ ይበዛል፤ ሐሙስ ማታ እንቅልፍ ይጥለናል፤ ዐርብ ደግሞ እናፍራለን። ያፈረ ሰው ምን ያደርጋል? ይሸሻል። የጸሎት መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ እንኳ ላለማየት ፊቱን ያዞራል።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ታዝቤ አይደለም። ዲፕሎማዬን እማር በነበረበት ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣሁ ዲያቆን ስለሆንኩ ከጓደኞቼ ሁሉ በላይ መጸለይ ያለብኝ መሰለኝ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዛልኩ። ቅዳሴ እገባ ነበር፤ ድምፄም አልጠፋም። ቤቴ ስመለስ ግን ዳዊቴ እንደተሸፈነ ጾሙ አለፈ፣ ሃምሳውም አለፈ። የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ደብቄ ደብቄ አልሆነልኝምና እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳይቆጡኝ ስለ አንድ ትልቅ ሽፍታ ያጫውቱኝ ጀመር። ያ ሽፍታ ሙሴ ጸሊም ነው። በዓሉ ሰኔ 24 ቀን ስለሚውል ምንጊዜም ከዚህ ጾም ውስጥ አይወጣም፤ ስለዚህ ዛሬ የእርሱን ነገር ለእርስዎ ላጫውትዎ ፈለግሁ።

ሙሴ የኖረው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ነው። ጸሊም ማለት ጥቁር ማለት ነው። መጻሕፍቱ ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ለአንድ ሹም በባርነት ያገለግል ነበር። ጠባዩ ስለከፋ፣ ስርቆቱም ስለበዛ ጌታው ከቤቱ አባረረው። እስቲ ያስቡት! ባሪያ በገንዘብ በሚገዛበት ዘመን ጌታው ራሱ ገንዘቤ ይቅርብኝ ብሎ የሚያባርረው ሰው ምን ያህል ቢያስቸግር ነው? ሙሴም ከተባረረ በኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ።

የሰውየውን ተፈጥሮ የምትነግረን አንዲት ታሪክ አለች፤ የገዳማውያንን ዜና የጻፈው ጳላድዮስ መዝግቧታል። አንድ ሌሊት ሙሴ ለዘረፋ ሲወጣ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው አከሸፉበት። በዚህ ምክንያት ብቻ እረኛውን ሊገድለው ቂም ያዘ። እረኛው ከአባይ ማዶ መሆኑን ሰማ። ጊዜው አባይ የሚሞላበት ነበር፤ ከእኛ ተራሮች በክረምት የሚወርደው ውኃ ግብፅ ደርሶ ወንዙ አንድ ማይል ያህል ሰፍቷል። ሙሴ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ያን ሁሉ ውኃ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ቀድሞ አይቶት ስለተደበቀ አጣው። ባዶ እጁን መመለስ አልወደደምና አራት ሙክቶች መርጦ አረደ፤ በገመድ አስሮም እየጎተተ ያንኑ ወንዝ ዋኝቶ ተመለሰ። ምርጥ ምርጡን ሥጋ በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠና ወደ አሥር ሊትር የሚጠጋ ጠጣ። ከዚያም ጓደኞቹ ወዳሉበት ሃምሳ ማይል በእግሩ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ልብ ይበሉልኝ። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ሲቆጣ ወንዝ ይሻገራል፤ ሲበላ በግ ይጨርሳል፤ ሲጠጣ እንስራ ያደርቃል። ይኸው ሰው ነው በኋላ መነኩሴ የሆነው። ልብሱን ቀየረ እንጂ ልክ አለማወቁን ይዞት ነው የገባው፤ ብዙ ዓመት የደከመውም በዚሁ ነው።

እንዴት እንደተመለሰ ስንክሳሩ ይነግረናል። ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር። ልቡ ግን አላረፈም፤ ወደ ፀሐይ እያየ እውነተኛ አምላክ ከሆነች እንድትገልጥለት ይጠይቃት ነበር። በኋላ በገዳመ አስቄጥስ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰማና ሰይፉን ታጥቆ ወደ እነርሱ ሄደ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናጥሩን የሚባለው፣ ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ የጨው ሐይቆች ያሉበት በረሃ ነው። መጀመሪያ ያገኘው አባ ኤስድሮስን ነበር። አባ ኤስድሮስ ያን የሚያህል ሰው ከነሰይፉ ሲመጣ ሲያይ ደነገጠ፤ የመጣበትን ጉዳይ ሲሰማ ግን ተቀበለው፤ ወደ ታላቁ አባ መቃርስም ወሰደው። አባ መቃርስ አስተምሮ አጠመቀው። ከጊዜ በኋላም መነኮሰ።

አንድ ቀን አራት ሌቦች ማን መሆኑን ሳያውቁ በዓቱ ገቡበት። ሁሉንም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸውና፣ እርሱ ሰው መጉዳት ስለማይፈቀድለት ምን ይደረጉ ብሎ አባቶችን ጠየቀ። ሌቦቹም የቀድሞው ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነርሱም መነኮሱ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ በየጉባኤው ስለሚነገር እርስዎም ሳይሰሙት አይቀርም። እኔ ግን የሚበልጥብኝ የሚቀጥለው ነው።

ሌቦቹን በጀርባው የተሸከመው ሰው የገዛ ሐሳቡን መሸከም አቃተው። የዝሙት ፈተና፣ በቀን ምኞት፣ በሌሊት ሕልም እየሆነ አላስቀምጥ አለው። ገዳሙን ጥሎ እስከ መሄድ ደረሰ። ሊሸሽ ሲያስብ ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ሄዶ ለአባ ኤስድሮስ ሁሉንም ነገረው። አባ ኤስድሮስ አልደነገጠም፤ አልገሠጸውምም። ይህ የጀማሪ ፈተና መሆኑንና መደናገጥ እንደማይገባው ነገረው። ሥጋ ቤት ደጃፍ የለመደ ውሻ አጥንት እስካገኘ ድረስ እንደማይለቅ፣ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋና የሚጥልለት ሰው ከጠፋ ግን ተርቦ እንደሚተወው በምሳሌ አስረዳው። ውሻው በአንድ ቀን አይሄድም ማለት ነው። ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል። የሙሴ ሥራ በሩን መዝጋት ብቻ ነበር።

በሌላ ጊዜም ፈተናው ጸንቶበት ሲመጣ ወደ በዓቱ እንዲመለስ መከረው፤ ሙሴ ግን እንደማይችል ነገረው። አባ ኤስድሮስም ወደ ሰገነት ይዞት ወጣና መጀመሪያ ወደ ምዕራብ እንዲያይ አደረገው። ሙሴ ለጦርነት የሚንጫጫ የአጋንንት ሠራዊት አየ። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ሲያሳየው ደግሞ ከእነዚያ በቁጥር የሚበልጡ፣ በክብር ያሸበረቁ መላእክት አየ። እነዚህ ሊረዱት የተላኩ መሆናቸውን ሲሰማ ተበረታታና ወደ በዓቱ ተመለሰ። ያን ቀን የተሰጠው ትእዛዝ ምን እንደነበር ያስተውሉ። ስግደት አልተጨመረበትም፤ ጾምም አልተጨመረበትም። ወደ በዓቱ እንዲመለስ ብቻ ነው የተነገረው።

ሙሴ ግን ሙሴ ነውና በትንሹ አልረካም። ምግቡን በቀን 12 ወቄት ደረቅ ዳቦ አደረገ፤ ሦስት መቶ ግራም ከጥቂት ማለት ነው። ለዚያ ለበግ በሊታ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ይገምቱ። ከባድ የእጅ ሥራ እየሠራ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይጸልይ ጀመር። ሕልሙ አልተወውም። ወደ ሌላ አባት ሄዶ ሲጠይቅ በትጋህ ሌሊት እንዲበረታ ተመከረ። ስድስት ዓመት ሙሉ በበዓቱ መካከል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን ሌሊቱን ሲጸልይ አደረ። አሁንም አልተወውም።

ከዚህ በኋላ ሌላ ዘዴ አሰበ። በአስቄጥስ ውኃ ሩቅ ነው። ያረጁት አባቶች ወርደው መቅዳት አይችሉም። ከውኃው አንዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ይርቃል፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው ደግሞ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ። ሙሴ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ በየደጃቸው ያለውን ማድጋ እያነሣ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ሳያዩት ቦታው ይመልስላቸው ጀመር። እኔ ከአባ ሙሴ ሕይወት እጅግ የምወደው ይህን ነው። እናቶቻችን በገጠር በእንስራ ውኃ ሲሸከሙ ያየ ሰው፣ በጨለማ ሰባት ኪሎ ሜትር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ወንዙን ለበቀል የዋኘው ጉልበት አሁን ለሽማግሌዎች ውኃ ይቀዳል።

አንድ ሌሊት ጎንበስ ብሎ ሲቀዳ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው። በጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ሞተ ሰው ተዘርሮ ቀረ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው አግኝቶት ለአባ ኤስድሮስ ነገረው። አባ ኤስድሮስም አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። ሙሴ አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ያን ጊዜ ነው አባ ኤስድሮስ ትልቁን ነገር የነገረው። ከአጋንንት ጋር መጣላቱን እንዲያቆም፣ ለተጋድሎም ልክ እንዳለው መከረው። ሙሴ ግን ተኝቶም እልኸኛ ነበር፤ ሕልሙ እስካልተወው ድረስ እንደማያቆም መለሰ። አባ ኤስድሮስም በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደተወው ነገረው፤ ቀርቦም ሳይፈራ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበል አዘዘው። ይህ ሁሉ ዓመት የተፈተነው በገዛ ጾሙና ትጋቱ ድል ያደረገ መስሎት እንዳይመካ መሆኑንም ገለጠለት። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አባ ኤስድሮስ ሲጠይቀው ያ ፈተና ከዚያ ወዲያ እንዳልመጣበት ነገረው።

ወገኔ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የንስሐ አባቴ ይህን ታሪክ ሲጨርሱልኝ ዳዊት እንዴት እደግም እንደነበር ጠየቁኝ። ሙሉውን እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ። በቀን አንድ መዝሙር እንድደግም አዘዙኝ። አንድ ንጉሥ እንኳ ማለትም አሥሩን መዝሙር አልፈቀዱልኝም። በእውነት ተናድጄ ነበር፤ ሕፃን ያደረጉኝ መሰለኝ። ሦስት ወር እንደዚያ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ዳዊቴ ተሸፍኖ የከረመበት ጊዜ የለም፤ ያስታጎልኩበት ቀን ግን አለ፣ አልዋሽም። ላስታጎልኩትም በማግሥቱ እጥፍ እንዳልደግም ከልክለውኛል። ዕዳ እየቆጠረ የሚጸልይ ሰው ቶሎ ይሰለቻል ይላሉ።

እርስዎስ በዚህ ጾም ምን ይጀምራሉ? ጾሙ ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ እስከዚያ የሚሸከሙትን ትንሽ ማድጋ ይምረጡ። አባቶቻችን ውዳሴ ማርያምን ለሰባቱ ቀን ከፍለው የሰጡን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ማንበብ የማይችሉ እናት በመቁጠሪያ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ይበሉ። ሌሊት ጥበቃ የሚያድር ወንድም ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማድረስ ባይችል መንፈቀ ሌሊትን እርሱ ነው የሚያገኛት፤ እኛ ተኝተናል። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ካለችዎ፣ በስልክ ስታገኝዎ በቀን አንድ አቡነ ዘበሰማያት በኩሽና ውስጥ ብታደርስ ምንም ጎደሎ እንደሌለው ይንገሯት። ስግደቱን ሦስት ያድርጉት፤ ጉልበት ያለው ዐሥራ ሁለት። መጠኑን ግን እኔ ወይም ይህች ትንሽ መጽሐፍ ልንወስንልዎ አንችልም። ሙሴ የራሱን ልክ ራሱ ሲቆርጥ ምን እንደደረሰበት አይተዋልና የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ደግሞም አጠገብዎ ውኃ የሚቀዳላቸው ያጡ ሽማግሌ ካሉ፣ ቧንቧው በሚመጣበት ሌሊት አንድ ጀሪካን መሙላት ከጸሎቱ ጋር ይቆጠራል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አባ ሙሴ ከዚያ በኋላ ቅስና ተቀበለ። ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ሊፈትነው ፈልጎ ካህናቱ ከመቅደስ እንዲያባርሩት አደረገ፤ እርሱም ቅር ሳይለው ለቆዳው ጥቁረትና ለቀድሞ ሥራው የሚገባው እንደሆነ ለራሱ እየነገረ ወጣ። አንድ ወንድም በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ፣ ሙሴ ውኃ የሚያንጠባጥብ ማሰሮ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እንደማያየው፣ ዛሬ ግን በሌላው ሊፈርድ እንደመጣ ነገራቸው። ወንድሙንም ይቅር አሉት።

ለጾመኛ የሚጠቅም አንድ ልጨምር። አንድ ጊዜ በአስቄጥስ ያን ሳምንት ሁሉም እንዲጾም ታወጀ። በዚያው ሳምንት ከሩቅ የመጡ ወንድሞች ሙሴ ዘንድ በእንግድነት ገቡ። እርሱም ጥቂት ነገር አበሰለላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ሙሴ ትእዛዝ እንደሻረ ለካህናቱ ነገሩ። ካህናቱ ግን አኗኗሩን ያውቃሉና ቅዳሜ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ የሰውን ትእዛዝ ቢሽርም የእግዚአብሔርን እንደጠበቀ በሕዝቡ ፊት መሰከሩለት። ይህን የጻፍኩት ጾም እንድንሽር አይደለም፤ አደራ! እኛ የታወጀውን ጾም እንጠብቃለን። ነገር ግን በጾም ሰበብ በእንግዳና በቤት ሠራተኛ ላይ ፊታችንን የምናጠቁር ሰዎች አለን፤ እኔም አንዳንዴ ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ፔትራ ወደምትባል ቦታ ሄዶ በሚኖርበት ጊዜም እንግዶች መጡበት። የነበረችውን ጥቂት ውኃ ምስር ሲቀቅልላቸው ጨረሰው። ያ ለሽማግሌዎች ሁሉ ውኃ ይቀዳ የነበረው ሰው ውኃ አለቀበት! ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ደመና መጥቶ እስኪዘንብና ጉድጓዶቹን እስኪሞላለት ድረስ ይጸልይ ነበር። ለምን እንዲያ ይመላለስ እንደነበር ሲጠይቁት፣ ወዲህ ያመጣው እግዚአብሔር መሆኑን እያስታወሰ ለእንግዶቹ ውኃ እንዲሰጠው ይሟገተው እንደነበር ነገራቸው። በፊት በጉልበቱ ይቀዳ ነበር፤ አሁን እንደ ልጅ ይለምናል።

በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በረበረኞች አስቄጥስን ሊያጠፉ መጡ። አባ ሙሴ አስቀድሞ አውቆ አብረውት ለነበሩት ወንድሞች መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱስ ይሸሽ እንደሆነ ጠየቁት። ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረው በእርሱ እንዲፈጸም ያንን ቀን ብዙ ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ ነገራቸው። ያ በጥርሱ የያዛት ሰይፍ አልተረሳችውም ነበር። እነርሱም ጥለውት ላለመሄድ ወሰኑ። ዕድሜው 75 ዓመት ያህል ነበር፤ ሰባ የሚሆኑ ደቀ መዛሙርትም አፍርቶ ነበር።

በረበረኞቹ ገብተው ሲገድሏቸው ከወንድሞቹ አንዱ ፈርቶ ከሰሌን ኋላ ተደበቀ። ከተደበቀበትም ሆኖ መልአክ አክሊል በእጁ ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ አየ። ለእርሱ የተዘጋጀ አክሊል እንደሆነም ተረዳ። ከተደበቀበት ወጣ። እርሱም ከአባቱ ጋር አክሊሉን ተቀበለ።

የአባ ሙሴ ጸሊም ዐፅም ዛሬም በዚያው በረሃ፣ በደብረ በርሞስ ገዳም፣ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር በአንድነት አርፎ ይገኛል። ሰኔ 24 ቀን በአጥቢያዎ ስንክሳሩ ሲነበብ ይስሙት፤ ዝናብ ነው ብለው አይቅሩ።

የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም በረከቱ ይደርብን፤ ጸሎቱ ይጠብቀን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ አሜን።